«የመኪናው ሰዓት ነው» ብትል ማን ያምንሃል?

«ከአባቴ የወረስኩትን 123 መርሰዲስ ነው የምነዳው። የዳሽቦርዱ ሰዓት ሲፈልግ ይቆጥራል፣ ሲያሻው ቀጥ ይላል። በሱ ጦስ እጮኛዬን ስንቴ እንዳስጠበቅኳት እኔ ነኝ የማውቀው። በቀደም ወላጆቿ ምሳ ጠርተውኝ 40 ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ። "የመኪናው ሰዓት ነው" ብላት "ኪስህ ያለው ስልክ ሰዓት አይቆጥርም?" ብላኝ ከዚያ ወዲህ ስልክ አታነሳም። አንድ ኤሌትሪሺያን ደግሞ "ከባትሪ በቀጥታ ሽቦ ስቤ አሠራልሃለሁ" ብሎ ቀጥሮኛል። ላሠራው ወይስ ነቅዬ ልጣለው?»
ስሜ ይቆይ፣ ከአራት ኪሎ

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት የኤሌትሪሺያኑን ቀጠሮ ሰርዝ። ፊውዝ ሳይኖረው ከባትሪ በቀጥታ የተሳበ ሽቦ ልባሱ ተልጦ ብረት የነካ ዕለት የሚያቆመው የለም። ይግላል፣ ይቀልጣል፣ አጠገቡ ያለውንም ሽቦ ይዞ ይነዳል። ለአንዲት ሰዓት ተብሎ የአባት መኪና አይቃጠልም!

ልጅቷ ደግሞ እውነቷን ነው። ስልክ በኪስህ ይዘህ ከ40 ዓመት በላይ በኖረ ሰዓት ማላከክ አያዋጣም። ወላጆቿ ቤት ራስህ ሂድና ይቅርታ ጠይቅ። ስለ መርሰዲስ ግን አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ፤ ወጥ ቀዝቅዞባት የጠበቀች እናት የሰዓት ብልሽት ወሬ አትሰማም።

አሁን ወደ ሰዓቱ። 123 መርሰዲስ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1976 እስከ 1985 የተሠራ መኪና ነው። ሰዓቱ ባለ መርፌ ቢሆንም ውስጡ ኳርትዝ ነው። ኳርትዝ ደግሞ ጤነኛ ከሆነ በቀን 40 ደቂቃ ወደ ኋላ አይቀርም። ያንተው ቆሞ ቆሞ ነው የሚነሳው። የዚህ መኪና ሰዓት የታወቀ በሽታው ካፓሲተሮቹ ናቸው፤ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዘመን ብዛት ይደርቅና ሰዓቱ አንዴ ይሄዳል፣ አንዴ ይቆማል።

ጌጁን ከመንካትህ በፊት ግን ፊውዞቹን እይ። የዚህ መኪና ፊውዞች ሁለት ጫፋቸው ሹል የሆነው ዓይነት ናቸው። ሳይቃጠሉም ጫፋቸው እየሻገተ ኤሌክትሪክ ይቆራርጣሉ። መኪናውን አጥፍተህ እያንዳንዱን በጣትህ እዚያው ቦታው ላይ ደጋግመህ አሽከርክረው። አንዳንዴ ነገሩ እዚሁ ያልቃል፣ በነጻ።

ካላለቀ ጌጁ መውጣት አለበት። የባትሪውን ነጌቲቭ አስፈትተህ ጀምር። ጌጁ በፊት ለፊት ነው የሚወጣው፤ ከኋላው ግን የኪሎሜትር ገመድና አንዲት ቀጭን የዘይት ቧንቧ ተያይዘዋል። የዘይት ግፊት መርፌው በሽቦ ሳይሆን በእውነተኛ ዘይት ነው የሚሠራው። ጎትተህ ቧንቧዋን ከሰበርክ ሞተር ባስነሳህ ቁጥር ዘይቱ እግርህ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን መኪና የሚያውቅ ሰው ያውጣልህ፤ ጉልበተኛ አያስፈልግም።

ከወጣ በኋላ ሰዓቱን ለጋራዥ አትስጥ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጋ ውሰደው። የድሮውን ካፓሲተር አይቶ፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ተከትሎ ይቀይርልሃል። ፖዘቲቭና ነጌቲቩ እንዳይገለበጥ ብቻ አደራ በለው። ዕቃው ራሱ ርካሽ ነው፤ የምትከፍለው ለእጁ ነው።

ኮሮላ የምትነዱ አንባቢዎችም በዚህ አጋጣሚ ስሙ። የ80ዎቹና የ90ዎቹ ዲጂታል ሰዓት ዳሽቦርዱን በጥፊ ስትሉት የሚበራ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ብየዳ ተሰንጥቋል ማለት ነው። እንደገና ሶልደር ይደረግ፣ ጥፊውም ይቁም። መኪና ባስነሳችሁ ቁጥር ሰዓቱ እንደ አዲስ የሚጀምር ከሆነ ግን ሰዓቱን ተዉትና ባትሪውን አስፈትሹ፤ ሲደክም በማስነሻ ጊዜ ኃይሉ ይወርዳል። «ባትሪዬን በአንድ ሌሊት የጨረሰው ሰዓቱ ነው» የሚሏችሁንም አትመኑ። የሰዓት ፍጆታ ሚሊአምፔር ነው። ይልቅ የኮፈን መብራት ወይም ያለ ሥርዓት የተቀጠለ ቴፕ ፈልጉ።

በመጨረሻ፣ ሲሠራ በሐበሻ ልሙላው ወይስ በፈረንጅ? ባለ 12ቱ በሁለቱም ይሆናል። ባለ 24 ዲጂታሉን ግን በሐበሻ የሞላ ሰው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ 7:00 ቢለው፣ ማታ 1 ሰዓት ሲሆን 13:00 ይለዋል።