እውነት ብናገር ምን አለበት?

ልጆቼ ሆይ፥ «ያልሁት እውነት ነው፤ እውነት በመናገሬ ምን አለበት?» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ተጠንቀቁ። ሐሰተኛን ሁሉም ይጠየፈዋል፤ ይህኛው ግን የእውነትን ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ ደጁን የሚዘጋበት የለም። ዛሬ ልከራከረው የተነሣሁት ከእርሱ ጋር ነው።

ማስረጃዬንም ከሩቅ አላመጣም፤ ከገዛ አገራችን ከአምባ መቅደላ አመጣለሁ። የመቅደላ ነገር ሲነሣ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ፥ የዐፄ ቴዎድሮስን ሽጉጥና የእንግሊዝን ዝሆኖች እናወራለን። በምላስና በብዕር የተሠራውን ግን ዘለን እናልፋለን።

ሄንሪ ስተርን የሚባል ሚስዮናዊ ነበር። ለቤተ እስራኤል ወንጌልን ሊሰብክ ወደ አገራችን መጥቶ ከተመለሰ በኋላ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1862 ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። በዚያም የንጉሠ ነገሥቱ እናት በችግራቸው ዘመን ኮሶ ይሸጡ እንደ ነበር ጻፈ። ወሬውን እርሱ አልፈጠረውም። የንጉሡ ጠላቶች «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ሲሰድቧቸው ኖረዋል፤ እንዲህ ብሎ የፎከረ አንድ ደጃዝማች ተማርኮ ኮሶ እንዲጠጣ እንደ ተፈረደበትም ይተረካል። እንግዲህ ስተርን የጻፈው የሰማውን ነው። እኔ ግን የሚስዮን ትምህርት ቤት ልጅ እንደ መሆኔ እጠይቀዋለሁ፤ ወንጌል ሊሰብክ የመጣ ሰው፥ አንዲት ድኻ እናት ልጇን ለማሳደግ ኮሶ መሸጧን ሲጽፍ የማንን ነፍስ ሊያድን ነው?

በጥቅምት 1856 ዓ.ም. ሊሰናበት ወደ ንጉሡ ሰፈር በቀረበ ጊዜ ሁለት አገልጋዮቹ ተደብድበው ሞቱ። እርሱም ደንግጦ ጣቱን ቢነክስ ዛቻ ነው ተብሎ ክፉኛ ተደበደበ። ኋላ ወረቀቱ ሲመረመር ያ ስለ ኮሶ የጻፈው ክስ ሆኖ ቀረበበት። በ1857 ወደ መቅደላ ተልኮ፥ ከእስራቱ የተፈታው በሚያዝያ 1860 ነው። ጦርነቱን ያመጣው ይህ ብቻ ነው አልልም። ዋናው ምክንያት ንጉሡ በጥቅምት 1855 ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ማጣቱ ነበር። (ዝም ማለትም አንዳንድ ጊዜ ከስድብ ይከፋል።) ሁለቱን አገልጋዮች ግን አስቧቸው፤ መጽሐፉን አልጻፉት፥ ምናልባትም አላዩት።

ንጉሡስ? ዳዊት ያውቃሉ፥ መጻሕፍት ተምረዋል፤ አንደበታቸውን ግን ልጓም አላስገቡትም። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዕለቱ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ከመቅደላ ሥር የነበሩት እስረኞች ረኃብና ጥም ቢጸናባቸው «አቤት፥ አቤት» ብለው ጮኹ። ጩኸቱ ንጉሡን አስቈጣቸው፤ ትእዛዝ ከአፋቸው ወጣ፤ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ከገደሉ ተወረወሩ። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» የምንለው ተረት እዚያ ተረት መሆኑ ቀርቶ ነበር።

እዚህ ላይ ሌላም ተከራካሪ አለብኝ። «አንደበትን መግታት» የሚለውን ትምህርት ድኻን ዝም ለማሰኘት የሚያውሉት አሉ፤ በደሉን የሚናገረውን «ክርስቲያን አይደለህምን? አፍህን ያዝ» ይሉታል። እኔ ግን የእነዚያ እስረኞች ጩኸት ኃጢአት ነው ብዬ አላስተምርም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ምላስን በእሳት መስሎ ይገሥጻል፤ ያው ሐዋርያ በምዕራፍ 5 ደመወዛቸውን የተከለከሉ ሠራተኞች ጩኸት ወደ እግዚአብሔር ጆሮ እንደ ደረሰ ይናገራል። የተበደለ ይጩኽ። ልጓም የሚያሻው የሌለን ሰው የሚነክስ አፍ ነው።

ጨዋነት ብቻ ይበቃል የሚሉኝም አሉ። ጨዋነት ሰው ፊት ይጠብቃል፤ የሚታማው ከሄደ በኋላ ግን ማን ይጠብቅ? ያን ጊዜ የሚጠብቀው፥ ሦስተኛ ሰሚ በመካከላችን አለ ብሎ፥ የማማው ሰው ክርስቶስ የሞተለት ነው ብሎ የሚያምን ብቻ ነው። አባ አጋቶን ዝምታን እስኪለምድ 3 ዓመት ድንጋይ በአፉ ይዞ ኖረ ይባላል። እኔ እናንተን ድንጋይ ጉረሱ አልልም፤ ነገር ግን በመካነ ሰላምም ሆነ በቱሉ አውሊያ የምትማሩ ልጆች፥ በስልካችሁ የጻፋችሁትን ክፉ ቃል ሳትልኩት አሳድሩት። የስተርን መጽሐፍ ንጉሡ ዘንድ እስኪደርስ ብዙ ወራት ፈጅቷል፤ የእናንተ ግን በራችሁን ሳትዘጉ ይደርሳል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው እጄ ንጹሕ ስለ ሆነ አይደለም። ገና ወጣት አስተማሪ ሳለሁ አንድ ተማሪ አርፍዶ፥ ዓይኑ እንቅልፍ ይዞት ክፍል ገባ። «ማታ የእናትህን አረቄ ስትቀዳ አደርህን?» አልሁት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ያልሁት እውነት ነበር፤ እናቱ አረቄ ትሸጣለች፥ እርሱም ያግዛታል። በማለዳው ጸሎት ያስደረግሁት ደግሞ እኔው ነበርሁ። ልጁ በማግሥቱ አልመጣም፤ በሳምንቱም አልመጣም። ከብዙ ጊዜ በኋላ እናቱ በገበያ አገኘችኝና ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መልሳ፥ «መምህር፥ ልጄ ምን በድሎዎት ነው?» አለችኝ። ከኋላዬ ሰው እየገፋኝ፥ ጨው የቋጠርሁበትን ወረቀት ይዤ ቆሜ ቀረሁ።