ጊታሩን ከመቆለፍ መቃኘት ይሻላል

በሙዚቃ ክፍላችን ያለው ኤሌክትሪክ ጊታር ከጥቅም ውጭ ሆኗል እየተባለ ይወራል። አንዳንዱ «ተበላሽቷል፣ አዲስ አበባ ይላክ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሠልጣኝ ስለሚነካካው ነው፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆለፍበት» ባይ ነው። እኛ በሁለቱም አንስማማም። ጊታሩ አልተበላሸም፤ የጠፋው ቅኝቱ ነው። ቅኝቱ የጠፋውም ስለተነካ ሳይሆን የነካው ሰው ሁሉ አንዷን ክር ብቻ እያጠበቀ ስለሚሄድ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የዚህ ጊታር ብሪጅ፣ ማለትም ክሮቹ በሆዱ በኩል የሚታሰሩበት ብረት፣ ከእንጨቱ ጋር ተጠብቆ የተያዘ አይደለም። በሁለት ብሎኖች ላይ ተደግፎ እንደ ሚዛን ወደፊትና ወደ ኋላ ይላል። በአንድ ወገን ስድስቱ ክሮች ይስቡታል፤ በሌላው ወገን ከጊታሩ ጀርባ በተቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ ያሉት ሞላዎች ይስቡታል። ሁለቱ ጉልበቶች እኩል ሲሆኑ ብሪጁ እንደተንሳፈፈ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጉልበቱም የዋዛ አይደለም፤ በተለመደው ቅኝት የስድስቱ ክሮች ውጥረት ሲደመር፣ እንደ ክሩ ውፍረት፣ 40 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው።

እንግዲህ አንዷን ክር ስናጠብቅ ምን ይሆናል? የክሮቹ ወገን ያይላል፤ ብሪጁ ወደፊት ያዘነብላል፤ የቀሩት አምስቱ ይላላሉ፤ ድምፃቸውም ይወርዳል። «ይቺም ወርዳለች» ብለን ሁለተኛዋን ስናጠብቅ የመጀመሪያዋ ተመልሳ ትወርዳለች። እንዲህ ሲባል ይመሻል! ተናዶ ጊታሩን አስቀምጦ የሚወጣ ሰው «ይሄ ዕቃ አይረባም» ቢል አይገርምም። ግን ልክ አይደለም።

ሥራው የአሜሪካኖች ነው። ሊዮ ፌንደር ሞላ ያለውን ብሪጅ በስትራቶካስተር ጊታር ላይ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ አወጣ። ፍሎይድ ሮዝ የተባለው ሰው ደግሞ ክሩን በአንገቱ ጫፍና በብሪጁ ላይ ቆልፎ የሚይዘውን ዓይነት ፈጥሮ እ.ኤ.አ. በ1979 የፈጠራ መብት አገኘበት። የኛው ጊታር የዚህኛው ዓይነት ነው። የሁለቱም ዓላማ ተጫዋቹ እጀታውን ሲጫነው ድምፁ እንዲወርድ፣ ሲለቀው እንዲመለስ ነው። ስሙን «ትሬሞሎ» ይሉታል፤ ስያሜው ግን ስሕተት ነው። ትሬሞሎ የድምፅ ጉልበት መዋዠቅ ሲሆን፣ ይህ ብሪጅ የሚያዋዥቀው የድምፁን ከፍታና ዝቅታ ነው፤ ትክክለኛ ስሙ ቪብራቶ ነው። ነገ ክፍል ፊት የሚቆም ሰው ይህን ለይቶ ቢያውቅ መልካም ነው።

ለመሆኑ የሚንሳፈፍ ብሪጅ ለኛ አገር እንግዳ ነገር ነው እንዴ? አይደለም። ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ የመጣ ሠልጣኝ መሰንቆን ልብ ብሎ አይቶ ከሆነ፣ ብርኩማው በሙጫ እንዳልተጣበቀ ያውቃል። በቆዳው ላይ ያቆመው የጭራው ውጥረት ነው፤ ጭራው ሲላላ ብርኩማው ይወድቃል። ክረምት ሲገባ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይረግባል፤ ድምፁም ይለወጣል። ያን ጊዜ ባለመሰንቆው መቃኛውን ዝም ብሎ አያዞርም። ቆዳውን በእጁ መታ መታ አድርጎ ያያል፤ ፀሐይ ወይም እሳት ዳር ያሞቀዋል፤ ብርኩማውን ያስተካክላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጭራውን የሚወጥረው። እኛ የጎደለን ይኸው ቅደም ተከተል ነው።

ጆሮም አልጎደለንም። ጋይንት እኮ ድጓ የሚመሰከርበት የቤተልሔም አገር ነው። ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ለይቶ ለመያዝ የቆሎ ተማሪ ከየአገሩ ተሰባስቦ ዓመታት የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ከዚህ አገር የመጣ ሰው «ጊታር መቃኘት የከተሜ ሥራ ነው» ብሎ እጁን ቢያጣጥፍ ያሳዝናል።

ታዲያ ሥራው እንዴት ይሠራ? ሲበዛ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው የሚፈጀው። መጀመሪያ በአንገቱ ጫፍ ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች መፍታት፤ በብሪጁ ላይ ያሉትን ትናንሽ መቃኛዎች መካከል ላይ ማድረግ። ቀጥሎ የጀርባውን ክዳን በካቻቢቴ መክፈት። ከብሪጁ ሥር ወደ ጉድጓዱ የወረደ ወፍራም ብረት ይታያል። ብሪጁ ከጊታሩ ገጽ ጋር እኩል ሆኖ ሲቆም፣ በዚህ ብረትና ከአንገቱ ተቃራኒ ባለው የጉድጓዱ ግድግዳ መካከል የእንጨት ሽብልቅ ማስገባት። ሽብልቁ ብሪጁ ወደፊት እንዳያዘነብል ስለሚይዘው፣ ስድስቱንም ክሮች አንድ በአንድ መቃኘት ይቻላል፤ አንዷ ሌላዋን አታውክም። ክሩ አዲስ ከሆነ በእጅ ሳብ ሳብ አድርጎ ማለማመድና እንደገና መቃኘት ነው።

ከዚያ ሞላዎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች እኩል እኩል፣ ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር እያሉ ማጥበቅ። ሞላው የክሮቹን ጉልበት ሲያክል ሽብልቁ በራሱ ጊዜ ላላ ብሎ ይወጣል። ሚዛኑ ተገኘ ማለት ነው! ክሮቹ ሁሉ በአንድነት ጥቂት ወርደው ከተገኙ ሞላውን ጠበቅ፣ ወጥተው ከተገኙ ላላ ማድረግ ነው። በመጨረሻ የአንገቱን መቆለፊያ መዝጋትና ቀሪዋን ልዩነት በትናንሾቹ መቃኛዎች ማስተካከል። ክር በሚቀየርበት ጊዜም ሁሉንም በአንዴ አለመፍታት፣ ውፍረቱንም አለመለወጥ ይበጃል፤ ውፍረቱ ሲለወጥ ሚዛኑም ይለወጣልና።

ለበዓል መድረክ ሲሆን ደግሞ ብሪጁ ባይንሳፈፍ እንመርጣለን። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን በጊታር ለመጫወት እጀታው ግድ አይደለም። ይልቁንም ተጫዋቹ አንዷን ክር በጣቱ ጎተት አድርጎ ዜማውን ሲያዋዛ፣ በሚንሳፈፍ ብሪጅ ላይ ሌሎቹ ክሮች ይወርዱበታል። በዘፈኑ መካከል አንዷ ክር ብትበጠስማ ሞላው ያሸንፍና የቀሩት አምስቱ ድምፃቸው ይወጣል፤ ጉድ ነው! ስለዚህ ከብረቱ ፊትም ኋላም ሽብልቅ አስገብቶ ብሪጁን ማቆም ነው። እጀታው ሥራ ይፈታል እንጂ ዘፈኑ አይቋረጥም።

«ኤሌክትሪክ በሌለበት ቀበሌ ተመድበን ይህ ምን ያደርግልናል?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን፣ ለመቃኘት ኤሌክትሪክ አያስፈልግም የሚል ነው። ለመለማመጃም ክፍሉ ጸጥ ካለ ያለ ማጉያ ይሰማል። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚሠራ መቃኛም አለ፤ ሆኖም ስልኩ ክሯ መውረዷን ይናገራል እንጂ ለምን እንደወረደች አይናገርም። ለምን ብሎ መጠየቅ የመምህሩ ፈንታ ነው። ከንፋስ መውጫ ወይም ከወገዳ ርቆ ባለ ትምህርት ቤት የተበላሸ ሁሉ «አዲስ አበባ ይላክ» ቢባል፣ ክራሩም ከበሮውም ሉሉም ዕቃ ቤት ገብቶ መቅረቱ ነው። የሚጎዳው ተማሪው ነው።

ሌላም ነገር አለ። በምንመደብበት ክፍል ውስጥ አባቱ መሰንቆ የሚመታ ልጅ ሊኖር ይችላል። አዝማሪ የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው ግስ የመጣ ሆኖ ሳለ፣ በየመንደሩ መሰደቢያ ሆኖ ኖሯል። የቅኝትን ነገር በእጁ የሞከረ መምህር ያን ልጅ አፍሮ እንዲቀመጥ አያደርገውም፤ «እስቲ አንተ አሳየን» ይለዋል። ያልሞከረው ግን የልጁን ዕውቀት ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

በመሆኑም የምንጠይቀው ይህን ነው። የጊታሩ ቁልፍ በሙዚቃ አሰልጣኙ እጅ ይሁን፤ ግን ጊታሩ ይውጣ። ሠልጣኞች ሁለት ሁለት ሆነው ተራ ይያዙ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ያዳምጥ፤ ያደረጉትንም በደብተር ይጻፉ። ብሎን የሚነካ ሰው አስቀድሞ ክሩን ያላላ፤ የተበጠሰ ክር ዓይን ያጠፋልና። ካቻቢቴውም ሽብልቁም አብሮ ይቀመጥ። ሽብልቁን ከአናጺ ክፍል ጣውላ ቁራጭ እኛው እንሠራዋለን፤ ከቅዳሜ ጀምሮ የሚመጣ ካለ በሩ ክፍት ይሁንለት።