ቮልሷን የበላት ዝገት ብቻ አይደለም

እስቲ ዛሬ የሆድ የሆዳችንን እንጫወት። አዲስ አበባ ውስጥ ያረጀ ቮልስ ያለው ሰው ሁለት ዓይነት መካሪ አያጣም። አንደኛው «ሽጠህ ተገላገል!» ይለዋል። ሁለተኛው ደግሞ «ቮልስማ አይሸጥም! ቀለም ቀባ አድርገህ ለሰርግ አከራያት» ይላል። የመጀመሪያውን ሰውዬ አልጠላውም፤ ቢያንስ የሚያስበውን ተናግሯል። ጠቤ ከሁለተኛው ጋር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በ1963 ዓ.ም. የገዛት ቮልስ ጎማዋ ተንፍሶ ግቢያችን ውስጥ ዓመታት ቆማ ነበር። «በእጄ አድናታለሁ» ብዬ ተነሳሁ። ሞተሯ ብዙም አላስቸገረኝ። የቮልስ ሞተር አራት ቡሎን ተፈትቶ ከኋላ የሚወርድ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ራዲያተር የማያውቅ ጨዋ ሞተር ነው። ካርቡራቶሩን አጠብኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ሞተሩ በርዶ እያለ ቫልቩን አስተካከልኩ። በአራተኛው ቅዳሜ ተነሳች! እናቴ እልል አለች፣ ጎረቤት ወጣ፣ ቡና ተፈላ።

ከዚያ ምንጣፉን አነሳሁ። ምነው ባላነሳሁ!

የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። አሲዱና እርጥበቱ መጀመሪያ የሚበሉት ያንን ወለል ነው። ካቻቢቴ ይዤ ነካ ሳደርገው እንደ ዳቦ ሰመጠልኝ። ከላይ ሬንጅ፣ ከሬንጁ ሥር ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር የቤት ክዳን ቆርቆሮ። ከቆርቆሮው ሥርስ? የግቢያችን አፈር!

ልብ በሉ፣ ይቺ መኪና ከዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ ገብታ «ሙሉ ባትላሜራ» ተሠርቶላት ነበር። ደረሰኙን አባቴ እስከ ዛሬ በፋይል አስቀምጦታል። በዚያ ወለል ላይ እኛን ልጆቹን ጭኖ ደብረ ዘይት ድረስ ተመላልሷል።

ወለሉ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። በበሮቹ ሥር የሚያልፈው ባዶ ሳጥን የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት ያመጣል፤ ቦዲውንም ያጠነክራል። እሱ ሲበሰብስ የመኪናዋ ወገብ ተሰበረ ማለት ነው። እሱንም በስቱኮ ደፍነው፣ በአሸዋ ወረቀት አለስልሰው፣ ቀለም ቀብተውታል። ከውጭ ሲያዩት መስታወት ነው!

ብየዳ ፍለጋ ሦስት ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። በስብሶ ያለቀው ሁሉ ተቆርጦ ይውጣ፣ በሩ እንዳይጣመም መጀመሪያ በብረት ይወጠር፣ ከዚያ አዲስ ላሜራ ይበየድ አልኳቸው። የሦስቱም መልስ አንድ ነበር፦ «ምን አደከመህ፣ ማን ያየዋል?»

ማን ያየዋል! አገሩን የጨረሰው ይህ ቃል መሰለኝ።

ግን በባለሙያው ላይ ብቻ መፍረድ ነውር ነው። «ለፋሲካ ይድረስልኝ» የምንለው እኛ ነን። ስለ ብየዳው ሳንጠይቅ ስለ ቀለሙ ዓይነት ሰዓት ሙሉ የምንከራከረው እኛ ነን። ምንጣፍ ሳናነሳ ከፍለን፣ ቁልፍ ተቀብለን፣ ፎቶ ተነስተን የምንሄደው እኛው ነን። የቸኮለ ደንበኛ ስቱኮ ቢሰጠው ምን ይገርማል?

«ገንዘብ የለንማ!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ላሜራውም ብየዳውም ውድ ነው። ግን ስቱኮ ርካሽ ነው ያለው ማነው? እኛ ቤት ይኸው ለአንድ ወለል ሁለት ጊዜ ተከፈለ። ገንዘብ ያጠረው ሰው ቀለሙን ይተው እንጂ ብየዳውን አይተው። የዛገች መኪና መያዝ አያሳፍርም። የዛገችውን ደፍኖ «ታድሳለች» ማለት ነው የሚያሳፍረው።

ደግሞም ምትክ ያላት እንዳይመስለን። የመጨረሻዋ ቮልስ ሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ከፋብሪካ ወጣች፤ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተው አበቃ። እኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። እንግዲህ በስቱኮ የምናጠፋት እያንዳንዷ ቮልስ በቃ፣ ጠፋች ማለት ነው።

የእኔዋ ዛሬም ድንጋይ ላይ ተሰቅላ፣ አንቲረስት ብቻ ተቀብታ ቆማለች። አራተኛ ባለሙያ አግኝቼ ግማሽ ወለሏ ተበይዷል፤ ግማሹ ደመወዝ ይጠብቃል። አንዳንድ ማታ ምን አገባኝ ብዬ ልሸጣት ይቃጣኛል፤ ጠዋት ግን እጄ መዶሻ ይፈልጋል። ጎረቤት ሁሉ «መቼ ነው የምትቀባት?» ይላል። አባቴ ብቻ በከዘራው ወለሉን መታ መታ አድርጎ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ «ይኼስ ብረት ነው» አለኝ።

እናንተም ቮልስ ካላችሁ አንድ ትንሽ ማግኔት ያዙና በበሩ ሥር አስጠጉት። ብረት ከሆነ ይይዛል፤ ስቱኮ ከሆነ ይወድቃል። ከወደቀ ደግሞ ደረሰኛችሁን ፈልጉ።

ቸር ይግጠመን!