‹‹ሁለት ወር ሞልቶታል››

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቡችላ ነው። አዎ፣ ስለ ቡችላ! ርዕሱን ስነግራቸው አንዱ ጓደኛዬ ‹‹ሀገር ምድሩ ስንት ጉዳይ እያለበት አንቺ ስለ ውሻ?›› ብሎ ሳቀብኝ። ሌላዋ ደግሞ ‹‹ጋዜጠኝነት የተማርሽው ለዚህ ነው እንዴ?›› አለችኝ። (ዲግሪዬን የሰጡኝ መምህራን ይህን ባያነቡት ደስ ይለኛል።) ብቻ ትንሽ ታገሱኝ፤ ወደ ሰውም እመጣለሁ።

እናላችሁ፣ ጳጉሜን ላይ ነው። ቦሌ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ አራት ሆነን ተቀምጠናል። አምስተኛዋ ጓደኛችን እንደ ልማዷ አርፍዳ መጣችና ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቦርሳው ተንቀሳቀሰ። ዚፑን ስትከፍተው የጥጥ ባዘቶ የመሰለች ጭንቅላት ብቅ አለች። ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አያቅታችሁም፤ ‹‹ውይ! ውይ! ሲያምር!›› በሚል ጩኸት ካፌው ተናወጠ። አንዷ ‹‹ፑድል ነው›› ስትል ሌላዋ ‹‹አይደለም፣ ማልቲዝ ነው›› አለች። ባለቤቲቱ ‹‹ብቻ የፈረንጅ ነው›› ብላ ክርክሩን ዘጋችው። መኪናዋን የትራፊክ መብራት ይዟት ሳለ አንድ ልጅ በመስኮት አሳያት፤ መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን ተከራክራ ገዛችው።

‹‹ስንት ጊዜው ነው?››

‹‹ሁለት ወር ሞልቶታል ብሎኛል።››

ስሙ ኮኮ ነው። (አያቴ ግቢ የነበረው ውሻ ስሙ ‹‹መቻል›› ነበር። ስሙ የወጣው ለውሻው ብቻ አልነበረም፤ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ጆሮ እንዲገባ ጭምር ነው። አሁን የውሻ ስም ለማንም ምንም አይናገርም።) ኮኮ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አስተናጋጇ አቀፈችው። ከአጠገባችን ከወላጆቻቸው ጋር የተቀመጡ ሁለት ሕፃናት መጥተው ጣታቸውን አፉ ውስጥ እየከተቱ ተጫወቱበት። አንዷ የኬክ ክሬም አላሰችው። እኔም ከማኪያቶዬ ላይ አረፋውን በጣቴ ሰጥቼዋለሁ። ለፎቶ ደግሞ መሬት ላይ አስቀመጥነው። ሲንቀጠቀጥ ‹‹በርዶት ነው ማሬን›› ተባለና በሻርፕ ተጠቀለለ። ፎቶውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ ከጻፍኳቸው ጽሑፎች ሁሉ የበለጠ ላይክ ያገኘው እሱ ነው።

ኮኮ በስምንተኛው ቀን ሞተ።

መጀመሪያ መብላት አቆመ፤ ከዚያ ማስታወክ፣ ከዚያ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ። ወደ እንስሳት ሐኪም ስትወስደው ተከትያት ሄድኩ። ሐኪሙ ዕድሜውን ጠየቃት። ‹‹ሁለት ወር ሞልቶታል›› አለች። ሰውዬው ምንም ሳይመልስላት የኮኮን አፍ ከፈት አድርጎ ጥርሱን አየ፤ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር እንኳ ገና ስድስተኛ ሳምንቱን ቢይዝ ነው አላት። ካፌ ያመጣነው እንግዲህ አምስት ሳምንት ገደማ ሆኖት ነው ማለት ነው። ምርመራው ፓርቮ መሆኑን አሳየ። ግሉኮስ ተሰቀለለት። ሁለት ቀን ቆየ።

ፓርቮውን ከካፌው ወለል ነው ያመጣው ብዬ መማል አልችልም። በሽታው ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ውስጥ ነው የሚታየው፤ ስለዚህ ካፌው ሊሆን ይችላል፤ የሻጩ ካርቶንም ሊሆን ይችላል። ግን ሐኪሙ ያስረዳንን ካዳመጥኩ በኋላ ‹‹ዕድሉ ነው›› ብሎ ማለፍ አቃተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡችላ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ከእናቱ እንገር ጋር በሽታ መከላከያ ይጠባል። ይህ መከላከያ ለዘላለም አይቆይም፤ ከ6ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየሳሳ ሄዶ ያልቃል። በየትኛው ሳምንት እንደሚያልቅ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ ይለያያል። የእናቱ መከላከያ ሳያልቅ ክትባት ቢሰጠው ያ መከላከያ ክትባቱን ራሱን ያከሽፈዋል። ለዚህ ነው ክትባቱ ከ6 ወይም ከ8 ሳምንት ጀምሮ በየ2 እና በየ4 ሳምንቱ፣ 16 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ የሚደጋገመው። አንዴ ወግተው ‹‹ተከትቧል›› ማለት አይበቃም። እናቱ ራሷ ተከትባ የማታውቅ ከሆነች ደግሞ ከእንገሯ የሚያገኘውም አስተማማኝ አይደለም። የፓርቮ ቫይረስ በበኩሉ ትዕግሥተኛ ነው። ከታመመ ውሻ ዓይነ ምድር ላይ ወርዶ አፈር ውስጥ ለወራት፣ ሲመቸው ለዓመት ይቆያል። ተራ ሳሙና አይገድለውም፤ በረኪና ነው የሚፈራው። በጫማችን ሶል ይዘነው ቤት እንገባለን። ሰውን አያሳምምም፤ ለዚህም ነው ልብ የማንለው።

ያ መንቀጥቀጥስ? ‹‹በርዶት ነው›› ያልነው? እሱም ብርድ ብቻ ላይሆን ይችላል። በጣም ትንንሽ ዝርያ የሆኑ ቡችሎች ጉበትና ጡንቻቸው ውስጥ የሚያስቀምጡት ስንቅ ጥቂት ነው። ጥቂት ሰዓት ሳይበሉ ከቆዩ፣ ከበረዳቸው ወይም ከተጨናነቁ ደማቸው ውስጥ ያለው ስኳር ይወርዳል፤ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይዝላሉ፣ ከባሰም ይንፈራገጡና ራሳቸውን ይስታሉ። ማር ወይም ስኳር ድዳቸው ላይ እየቀቡ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። በቀን አራትና አምስት ጊዜ መብላት ያለበትን ፍጥረት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ቦርሳ ውስጥ ይዞ መዞር ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። የቺዋዋ ቡችላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንደ ሕፃን ልጅ እርግብግቢት አለው፤ እግሩም ቀጭን ስለሆነ ከጭን ላይ ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። ቸኮሌት ኬክ ለውሻ መርዝ መሆኑን ካነሳሁ አይቀር… ያን ዕለት የታዘዘው ኬክ ቫኒላ ስለነበር ነው እንጂ የሚያቆመን አልነበረም።

አሁን ወደ ሰው።

ኮኮ በአምስት ሳምንቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊኖረው አይችልም። ይህ ክትባት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ሦስት ወር ሲሞላው ነው። ያን ዕለት ግን መርፌ በመሰሉት ጥርሶቹ ያልነከሰው ጣት አልነበረም። ቡችላ ነውና ይነክሳል፤ ጨዋታው ነው። እኛም ‹‹ይነክሳል እኮ!›› እያልን ሳቅን። ከየትኛው ግቢ እንደመጣ፣ ምን ዓይነት ውሻ አጠገቡ እንደነበረ የጠየቀ ማንም የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገምታል። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው ከውሻ ነው፤ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ጉለሌ፣ ፓስተር ደጃፍ በልጅነቱ ወረፋ ይዞ የሚያውቅ አዲስ አበቤ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ኮኮ ፓርቮ ነው የገደለው ሲባል አፍሬ የምናገረው ነው፣ ቀለል አለኝ። ቢሆንም እነዚያ ሁለት ሕፃናት ከፊቴ አልጠፉም። ካፌው ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ፤ አስተናጋጇ ኮኮን አስታወሰች፣ ልጆቹን ግን አታውቃቸውም። ትንሹ ልጅ ጣቱን ወደ አፉ መልሶ ሲጠባው ዓይቼዋለሁ። ማናችንም ‹‹በሳሙና አጥቡት›› አላልንም። ለነገሩ ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያም ቶሎ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚያስፈልግ እኔ ራሴ የዚያን ጊዜ አላውቅም ነበር።

ይህ ቡችላን በቦርሳ የመያዝ ነገር ከየት መጣብን? ፓሪስ ሂልተን እ.ኤ.አ. በ2003 ‹‹ዘ ሲምፕል ላይፍ›› በተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ቲንከርቤል የምትባል ቺዋዋዋን በክንዷ ይዛ ብቅ ካለች ወዲህ የዓለም ፋሽን ሆነ። እኛ ሀገርም ትንሽ ውሻ እንግዳ አይደለም፤ የጃንሆይን ሉሉ ያልሰማ ማን አለ? ግን ሉሉ ሲያገለግል የኖረ ቤተ መንግሥት ሙሉ ሰው ነበረው። የእኛዎቹ ቲክቶክ ላይ አንድ ደቂቃ ይታዩና ማታ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ያድራሉ።

መንገድ ላይ በሚሸጠው ልጅ ላይ ግን መፍረድ አልፈልግም። እሱ የሚያውቀው ገበያውን ነው። ቡችላው ባነሰ ቁጥር ቶሎ ይሸጣል፤ ሁለት ወር ሙሉ ቢጠብቅ የሚቀልበው ይበዛል፣ ‹‹ውይ!›› የሚለው ደግሞ ይቀንሳል። ዝርያውም ቢሆን የገዢውን ፍላጎት ተከትሎ ይቀያየራል። ታጥቦና ተበጥሮ ‹‹ማልቲዝ›› የተባለው በስድስት ወሩ ወገቤ ድረስ የደረሰ አንድ ጎረምሳ ሰፈራችን አለ። ባለቤቶቹ ሲረዝምባቸው በር ከፍተው ለቀቁት፤ አሁን የሰፈሩ ዘበኞች ናቸው የሚያበሉት። ታማኝነቱ ግን ሙሉ ነው፤ አሁንም ማታ ማታ የሚተኛው እነሱ በር ላይ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን በሕግ ይዞታል። እንግሊዝ ውስጥ ፈቃድ ያለው አርቢ 8 ሳምንት ያልሞላው ቡችላ መሸጥ አይችልም። እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ደግሞ ነጋዴ መሀል ገብቶ ስድስት ወር ያልሞላው ቡችላ እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ ገዢው በቀጥታ አርቢው ዘንድ ሄዶ ቡችላውን ከእናቱ ጋር ማየት አለበት። ሕጉን ሰዎች የሚጠሩት ሉሲ በምትባል፣ እንደ ማሽን ስታስወልድ ከኖረችበት ማርቢያ በ2013 በዳነች ውሻ ስም ነው። (የእኛ ሉሲ አይደለችም!) አሜሪካም ቢሆን ነጋዴ 8 ሳምንት ያልሞላው ቡችላ ከቦታ ቦታ እንዳያጓጉዝ ትከለክላለች። ስምንት ሳምንት የተባለው በከንቱ አይደለም። ቡችላ በጨዋታ ሲነክስ ልክ የሚማረው ከእናቱና ከወንድም እህቶቹ ነው፤ አብዝቶ ሲነክስ እነሱ ይጮኹበታል፣ ይሸሹታል። ቀድሞ የተነጠቀው ይህን ትምህርት ከእኛ ጣት ላይ ይማራል።

‹‹ታዲያ አራት ወር ሙሉ ቤት ውስጥ ይቆለፍበት?›› የሚል አይጠፋም፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አይቆለፍበት። ቡችላ ከሰው፣ ከድምፅና ከዓለም ጋር የሚላመድበት ዋናው ጊዜ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ነው፤ ያ ጊዜ ካመለጠው ፈሪ ወይም ተናካሽ ሆኖ ሊያድግ ይችላል። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበርም ቡችላ የመጀመሪያ ክትባቱን ወስዶ ቢያንስ 7 ቀን ካለፈው ከሌሎች ጤነኛ ቡችሎች ጋር እንዲላመድ ይመክራል። ስለዚህ ታቅፎ በረንዳ ላይ መኪና ያድምጥ፤ ውሾቻቸው የተከተቡ ዘመዶች ቤት ይሂድ፤ ሰው ይምጣበት፣ እጁን ታጥቦ ይንካው። ይህ ሁሉ ግን ስምንት ሳምንት ለሞላው፣ ለበላና ለተኛ ቡችላ ነው። መንገድ ላይ መሬት መርገጥ፣ የማያውቃቸውን ውሾች ማሽተት፣ በአንድ ማኪያቶ ዕድሜ በሃያ እጅ መዞር ሌላ ነገር ነው።

‹‹ሰው የሚበላው አጥቶ…›› ለሚለው ወዳጄም አንድ ነገር ልበል። ለኮኮ፣ ለሕክምናውና ለግሉኮሱ የወጣው ብር ከእኔ የአንድ ወር ደመወዝ ብዙም አያንስም። ብሩ ለተራበ ሰው አልሄደም። ለኮኮም አልረባውም።

ይህን ጽሑፍ ጨርሼ ልልከው ስል ጓደኛዬ ደወለች። ሐዘኑ እንዲወጣላት ወንድሟ ሌላ ቡችላ ሊገዛላት ነው፤ ልጁ አጠገባቸው ቆሟል፣ በካርቶን ሦስት ይዟል። ‹‹ሁለት ወር ሞልቶታል ይላል፣ ምን ልበል?›› አለችኝ። ጥርሱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ አልኳት። የቡችላ ጥርስ በ3ኛው ሳምንት ገደማ ነው መብቀል የሚጀምረው፤ የፊቶቹና ክራንቻዎቹ ይቀድማሉ፣ የኋላዎቹ ይከተላሉ፣ በሁለት ወሩ ገደማ 28ቱም የወተት ጥርሶች ይሞላሉ። በትንንሾቹ ዝርያዎች ጥቂት ሊዘገይ ይችላል፤ ግን ባዶ ድድና ሁለት ወር አይገናኙም።

ፎቶው መጣ። የወንድሟ አውራ ጣት ከንፈሩን ገልጦ ይዞታል። ከፊት ሩዝ ያህል ነጫጭ ነገሮች ይታያሉ፤ ከኋላ ምንም የለም። ‹‹ወደ እናቱ ይመልሰው በይው፣ ስምንት ሳምንት ሲሞላው እናቱ ጋ ሄደን እናየዋለን›› ብዬ ጻፍኩላት። አንብባዋለች። እስካሁን አልመለሰችልኝም።