ጎርፍ የወሰደው የዱቤ ደብተር



ክረምት ሲገባ ጉቴም ሆነ ነቀምቴ የቆርቆሮው ጩኸት ሰው አያነጋግርም። እኛ የወለጋ ሰዎች ዝናብን በበረከቱ ነው የምናውቀው፤ በቆሎውም ቡናውም የእርሱ ነውና። በአገራችን ሌላው ጫፍ ያሉ ወንድሞቻችን ግን ሌላ ፊቱን አይተዋል። የድሬዳዋው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፤ መጋላን ከከዚራ የሚለየውም እርሱ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ ከላይ ከደጋው የወረደው ዝናብ በዚያ አሸዋ ላይ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤት አልባ ሆኑ። አላህ ይዘንላቸው።

ስለ ሟቾቹ ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ ልናነሣ የወደድነው በሕይወት ስለተረፈው፣ በማግሥቱም በሱቁ በራፍ ላይ ስለሚቆመው የቤተሰብ አባት ነው። እንዲህ ያለው ሰው በድሬዳዋ ብቻ አይገኝም፤ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ የተሠራ ሱቅ በየከተማችን አለ።

ጎርፍ የገባበትን ሱቅ ያየ ያውቀዋል። ስኳርና ጨው ሟሙተው ሄደዋል፤ ሲሚንቶው ከነከረጢቱ ድንጋይ ሆኗል። ልብሱ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ይተርፍ ይሆናል። የስፌት መኪናውም ቶሎ ተፈትቶ፣ ታጥቦና ዘይት ተቀብቶ እንደሆነ ነው እንጂ ሁለት ሦስት ቀን ከዋለ ይዝጋል። ጭቃው ደግሞ እርጥብ ሳለ በአካፋ ይወጣል፤ ከደረቀ በዶማ ነው። እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ደቦ የሚያስፈልገው በዚያች የመጀመሪያ ቀን ነው። በሳምንቱ መጥቶ ማዘን ቀላል ነው። ደግሞም የቤቱን እመቤት ሳትጠይቁ አንዲት ጣሳ እንኳ አትጣሉ፤ ለእናንተ ቆሻሻ የመሰለው የእርሷ ቁጠባ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን አይታለፍም። የጎርፍ ውሃ የነካው ዱቄትና እህል ደርቆ ለገበያ አይቀርብም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሰድደው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ዝናብ ነው ላለው ነጋዴ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግኸውም ማለታቸውን ሙስሊም ዘግበውታል። ያ ነጋዴም እኮ ዝናብ መቶት ነበር! ችግሩ ግን መደበቁን አላስፈቀደለትም።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ። የትንሽ ሱቅ ሀብት ግማሹ መደርደሪያው ላይ ከሆነ ግማሹ በሰው እጅ ነው፤ ያም በዱቤ ደብተር ተጽፎ ይቀመጣል። ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ ቁጥር 282 ዕዳ እንዲጻፍ አዝዟል፤ ባለ ሱቁም ጽፎ ነበር። ቀለሙን ውሃ ወሰደው። ከዚህ በኋላ ማን ስንት እንዳለበት የሚያውቁት አላህና ባለዕዳው ናቸው። በአካፋ ሲረዳ የዋለ ጎረቤት፣ የወሰደውን የአምስት ኪሎ ስኳርና የሁለት ሳሙና ዋጋ ዝም ብሎ ቢያልፍ፣ ጭቃውን ማውጣቱ ምን ፋይዳ አለው? እናቶችም ብትሆኑ፣ ልጅ ልካችሁ ያስወሰዳችሁትን አስታውሱ። ገንዘቡ ዛሬ ባይኖር እንኳ «እዚህ ድረስ አለብኝ» ብሎ በአዲስ ደብተር ማስጻፍ ለባለ ሱቁ ግማሽ ካፒታል ነው። ያንን ይዞ ወደ ጅምላ ነጋዴው ሄዶ ጊዜ መለመን ይችላል።

ጅምላ ነጋዴውም ቢሆን፣ የተቸገረን ባለዕዳ እስኪመቸው መጠበቅን በዚያው ምዕራፍ በቁጥር 280 ታዝዟል፤ መማሩ ደግሞ የተሻለ መሆኑ ተነግሮታል።

አንዳንዶች «ሱቅ ያለው ሰው እንዴት ዘካ ይቀበላል?» ሲሉ እንሰማለን። በአት-ተውባህ ቁጥር 60 ከተቆጠሩት ስምንቱ ባለመብቶች አንዱ ባለዕዳ ነው። ከታቢዒዮቹ ሙጃሂድ ይህንን ሲያብራሩ፣ ገንዘቡን ጎርፍ የወሰደበትን ሰውና ንብረቱ የተቃጠለበትን ሰው በስም ጠቅሰዋል። ቀቢሳ ባወሩትና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲሥም አደጋ ሀብቱን ያጠፋበት ሰው መተዳደሪያውን እስኪያገኝ ድረስ መጠየቅ ተፈቅዶለታል። «እስኪያገኝ ድረስ» የሚለውን ልብ ይሏል፤ የሦስት ቀን ሽሮ ሰጥቶ መሄድ እዚህ ላይ አይደርስም። መተዳደሪያው ሱቁ ነውና።

ወለድ የሌለበት ብድር ፍለጋ ለሚሄድ፣ በአገራችን ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሥራ ጀምረዋል። ሆኖም ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ መያዣው ደግሞ በጎርፍ የሄደው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕቁብተኞች የዚያን ወር ዕጣ ለእርሱ ቢለቁለት ከማንም የቀደመ ይሆናል። ዕጣው የደረሰው ሰው ወር ይጠብቃል እንጂ አይከስርም፤ ባለ ሱቁ ግን በዚያች ገንዘብ ሁለት ኩንታል ስኳርና አንድ ካርቶን ሳሙና አስገብቶ፣ ግድግዳው ገና ሳይደርቅ፣ በሩን ይከፍታል።