«ባደረባቸው ሕመም…» ምን ሕመም?

ባለፈው ሴሚስተር በዜና አጻጻፍ ክፍለ ጊዜ የአንድ ታዋቂ ሰው የዕረፍት ዜና ጻፉ ተባልን። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ በሬዲዮ ስሰማው ያደግኩትን ዐረፍተ ነገር ቁጭ አደረግኩት፤ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል»። ቲቸር ወረቀቱን ሲመልሱልኝ «ሕመም» የምትለዋን ቃል በቀይ አክብበው ከጎኗ «ምን ሕመም?» ብለው ጽፈዋል። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ዶርም ስገባ ግን ሳቁ ጠፋብኝ።

ለምን ቢሉ፣ ያንን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ የመጀመሪያዬ አልነበረም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ አጎቴ ሲያርፍ፣ ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ «ጽሑፍ ትችላለች» ተብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ባደረበት ሕመም» አልኩ። የሕመሙን ስም ትልልቆቹ ያውቁ ነበር። ለእኛ ለትንንሾቹ አልተነገረንም፤ ለራሱ ለአጎቴም «ቅስሙ እንዳይሰበር» ተብሎ አልተነገረውም። ዓመት ሙሉ «ወገቤን፣ ወገቤን» ሲል፣ ብርድ ነው እየተባለ በቅባት ሲታሽ ከርሟል። ከአርባው በኋላ ወረቀቶቹን ስናገላብጥ ነው ስሙን ያነበብኩት፤ መልቲፕል ማየሎማ።

በዚህ ጽሑፍ ማለት የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የበሽታን ስም የሚደብቅ ዜና ሞትን ብቻ ይነግረናል። ሰው ከበሽታው ጋር እንዴት እንደሚኖር፣ ያንን ኑሮ ያስገኘለት ምርምርም ከየት እንደመጣ አይነግረንም። ለዚህ ደግሞ ከማየሎማ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በአጥንታችን መቅኔ ውስጥ ፕላዝማ ሴል የሚባሉ ሕዋሳት አሉ። ሥራቸው ፀረ እንግዳ አካላትን እያመረቱ እኛን ከበሽታ መጠበቅ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ተበላሽተው ያለ ልክ ሲራቡ ማየሎማ የሚባለው ካንሰር ይሆናል። መቅኔው ይጣበብና ደም ያንሳል፤ አጥንት ይሳሳል፣ ይሰበራል፤ የተበላሸው ፕሮቲን ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሰውነት ኢንፌክሽን መቋቋም ያቅተዋል። ብዙ ጊዜ በወገብ ወይም በጎድን ሕመም ስለሚጀምር «ብርድ ነው» ለማለት በጣም ይመቻል። አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ቆጠራ ጥቁሮች ከነጮች በእጥፍ ገደማ ይያዛሉ።

አሁን ስሙን ያልደበቁትን እንይ። ጄራልዲን ፌራሮ በ1984 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ትልቅ ፓርቲ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የቀረቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በ1998 ማየሎማ እንዳለባቸው ተነገራቸው፤ የቀራቸውም ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው ተባሉ። በ2001 ወጥተው ስሙን ተናገሩ፤ የሕግ አውጪዎቹ ፊትም ቀርበው ለምርምር ገንዘብ ጠየቁ። በ2002 ለደም ካንሰር ምርምርና ትምህርት የሚውል ሕግ ጸደቀ፤ የትምህርቱ ፕሮግራም በእሳቸው ስም ተሰየመ። ያረፉት በ2011 ነው። 5 ዓመት የተባሉት ሴት ከ12 ዓመት በላይ ኖሩ፤ የልጅ ልጆቻቸውን አቀፉ፤ በቴሌቪዥን ተከራከሩ፤ ምርጫ ሲመጣ ቅስቀሳ ወጡ።

እድሜውን ከረዱላቸው መድኃኒቶች አንዱ ታሊዶማይድ ነው። ይሄ መድኃኒት ለአንድ ጋዜጠኛ የዓመት ዜና ይበቃዋል። በ1957 እ.ኤ.አ. ምዕራብ ጀርመን ውስጥ የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒት ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ። ነፍሰ ጡሮች ሲወስዱት ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅ እግራቸው ሳይሟላ ተወለዱ ተብሎ ይገመታል፤ በ1961 ከገበያ ወጣ። በቃ፣ ታሪኩ እዚያ ያበቃ ይመስላል። ግን በ1960ዎቹ አጋማሽ ኢየሩሳሌም ውስጥ አንድ ሐኪም እንቅልፍ ላጣ የሥጋ ደዌ ታማሚ ሲሰጠው ቁስሉና ሕመሙ ቀለለ። በ1994 ቦስተን ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች ደግሞ መድኃኒቱ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዳያድጉ እንደሚያግድ አሳዩ።

ከዚያ በኋላ ነው አንዲት ሴት የምትመጣው። ባሏ ወጣት ሐኪም ነበር፤ ማየሎማ ይዞት ሕክምናው ሁሉ እምቢ ብሏል። እሷ ግን ለተመራማሪዎች ስልክ መደወሏን አላቆመችም። በመጨረሻም በአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ ታሊዶማይድ ተሞከረ። ለባሏ አልሠራም፤ አረፈ። ከእሱ ቀጥሎ ከወሰዱት መካከል ግን የተሻለው ተገኘ። በ1999 በታተመው ጥናት ሌላ ሕክምና ካልሠራላቸው 84 ታማሚዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ለውጥ አሳዩ። ያቺ ሴት የባሏን በሽታ ስም ደብቃ ቢሆን ኖሮ ማን ዘንድ ትደውል ነበር?

በሩ ከተከፈተ በኋላ ሌሎቹ ተከታተሉ። ቦርቴዞሚብ በ2003፣ የታሊዶማይድ ታናሽ ወንድም የሆነው ሌናሊዶማይድ በ2006፣ ዳራቱሙማብ በ2015 አሜሪካ ውስጥ ለማየሎማ ተፈቀዱ። በ2021 ደግሞ የታማሚውን የራሱን ነጭ የደም ሕዋስ አውጥቶ፣ ካንሰሩን እንዲያውቅ አድርጎ የሚመልስ ሕክምና መጣ። በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ከ100 ታማሚዎች 5 ዓመት የሚሻገሩት 25 ገደማ ነበሩ። ዛሬ 60 ገደማ ደርሰዋል።

ልብ በሉ፣ «ተፈወሱ» አላልኩም። ማየሎማ በአብዛኛው ሄዶ የሚመለስ በሽታ ነው። እጅ እግር ይደነዝዛል፣ ድካም አለ፣ ኢንፌክሽን ያስፈራል። ግን ብዙዎች ክኒናቸውን ቤታቸው እየዋጡ ሥራ ይውላሉ፣ ልጅ ይድራሉ። የእኛ ሙያ ሰው የሆነው ቶም ብሮካው፣ የኤንቢሲ የረጅም ጊዜ ዜና አቅራቢ፣ በ2013 እ.ኤ.አ. የወገብ ሕመሙ ማየሎማ መሆኑ ታወቀ፤ ከአከርካሪው አጥንቶች የተወሰኑት ተሰብረው ነበር። በ2014 ራሱ ይፋ አደረገው፤ በ2015 መጽሐፍ ጻፈበት፤ እስከ 2021 መጀመሪያም ከጣቢያው ጋር ቆየ። እንግዲህ «ተረፈ» ወይም «ሞተ» ብቻ የሚያውቅ ዜና ይሄን ኑሮ የት ያስቀምጠዋል?

ስሙ ሲዘገይ ምን እንደሚመጣም አይተናል። ኮሊን ፓወል በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ የመጀመሪያው ዜና «ክትባታቸውን አሟልተው የወሰዱ፣ በኮቪድ ሞቱ» የሚል ነበር። ክትባቱ አይሠራም የሚሉት ወዲያው ተቀባበሉት። ማየሎማ እንደነበረባቸውና በሽታው የሰውነትን መከላከያ እንደሚያዳክም የተነገረው ቆየት ብሎ ነው። አንዲት ቃል ጎድላ ዜናው ሌላ ዜና ሆነ።

አንዳንድ የክፍል ጓደኞቼ «የሰው ገበና ነው፤ ጋዜጠኛ ምን አገባው?» ይሉኛል። እውነት አላቸው። ታማሚው ወይም ቤተሰቡ ካልፈቀደ አይጻፍም። እኔ የምለው እንጠይቅ ነው። ሳንጠይቅ «ባደረባቸው ሕመም» የምንለው ለቤተሰቡ አዝነን ሳይሆን ስለለመድነው ይመስለኛል። ሌላው ጓደኛዬ ደግሞ «መድኃኒቱ ውድ ነው፤ እኛ ጋ ስሙን ማወቅ ምን ይረባል?» አለኝ። ይሄኛው ይከብዳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ሌናሊዶማይድንና ቦርቴዞሚብን ጨምሮ ለማየሎማ የሚሆኑ መድኃኒቶችን መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷል። ዝርዝር ውስጥ መግባት ግን ፋርማሲ ውስጥ መገኘት አይደለም። እሺ፣ «እዚህ አለ ወይ? ስንት ነው? ማን ያገኘዋል?» ብሎ የሚጠይቀው ማን ነው? የበሽታውን ስም ለመጻፍ የሚፈራ ጋዜጠኛ ይሄን ጥያቄ ከየት ያመጣዋል?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። አጎቴ ግን በሽታውን አልደበቀም። እኛ ነን የደበቅንበት። ስሙን ቢያውቀው ይድን ነበር ወይ? አላውቅም። ግን ይጠይቅ ነበር፤ ስለ ቀሪ ዘመኑም ራሱ ይወስን ነበር።

የቤት ሥራውን እንደገና ጻፍኩት። ታዋቂውን ሰው ትቼ ስለ አጎቴ ነው የጻፍኩት፤ «ለአንድ ዓመት ያህል በመልቲፕል ማየሎማ ሲታመም ቆይቶ…»። ከመስጠቴ በፊት ለእናቴ ደውዬ አነበብኩላት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ቀጥሎ «ጻፊው» አለችኝ።