ኪኒኑ ደርሷል፤ ልኬቱስ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው። ምክሩ ለሕመምተኛው ነው። ይሁን እንጂ የሚደበቀው ሕመምተኛው ሳይሆን በሽታው ራሱ ሲሆንስ? ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ የተባለው የደም ካንሰር ጠባዩ እንዲህ ነው። መድኃኒት ሲያገኝ ይደበቃል፤ ተደብቆም ይጠብቃል። ስለዚህ በዚህ ጸሐፊ እምነት ኪኒን ሰጥቶ በሽታውን አለመለካት ግማሽ ሕክምና ነው።

በሽታው የሚጀምረው በመቅኔ ውስጥ ካለች አንዲት ደም አመንጪ ሕዋስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በሕመምተኞች ሕዋሳት ውስጥ ያለ ልክ ያጠረች ክሮሞዞም ማግኘታቸውን አስታወቁ። ግኝቱ በተገኘባት ከተማ ስምም የፊላደልፊያ ክሮሞዞም ተባለች። በ1973 ጃኔት ሮውሊ የማጠሯን ምክንያት ገለጠች፤ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞሞች ቁራጭ ተለዋውጠዋል። በልውውጡ ቢ ሲ አር እና ኤ ቢ ኤል የተባሉ ሁለት ጂኖች ይጋጠማሉ። ከዚህ ግጥምጥም የሚሠራው ፕሮቲን ሕዋሷን ያለ ዕረፍት «ተባዢ» እያለ ያዝዛታል። ነጭ የደም ሕዋሳት ይበረክታሉ፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ሰውነት ይከሳል።

ይህ ፕሮቲን ሥራውን ለመሥራት ኤቲፒ የተባለው ሞለኪውል ያስፈልገዋል። ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒት የኤቲፒን መቀመጫ ቀድሞ ስለሚይዝበት ትእዛዙ ይቋረጣል። መድኃኒቱ በሰው ላይ መሞከር የጀመረው በ1998 ሲሆን፣ በ2001 በአሜሪካ ተፈቀደ። ቀድሞ በሽታው ብዙዎችን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይገድል ነበር። በ2017 የታተመ የረጅም ጊዜ ጥናት እንዳሳየው ግን ኢማቲኒብ ከጀመሩት ሕመምተኞች ከ100 ውስጥ 83 ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ።

ይህ ፍሬ ለኢትዮጵያም ደርሷል። ኖቫርቲስ የተባለው ኩባንያና ማክስ ፋውንዴሽን የተባለው በጎ አድራጊ ድርጅት በዘረጉት የእርዳታ መርሐ ግብር አማካይነት ሕመምተኞች በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መድኃኒቱን በነጻ ሲያገኙ ቆይተዋል። ታዲያ ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ችግሩ የሚጀምረው ሕመምተኛው ሲሻለው ነው። ኪኒኑን በጀመረ በጥቂት ሳምንታት የደሙ ቆጠራ ይስተካከላል፤ ጣፊያው ይሟሽሻል፤ ወደ እርሻው ይመለሳል። የታረመ ማሳ ንጹሕ ቢመስልም የአረሙ ዘር በአፈሩ ውስጥ እንዳለ ሁሉ፣ የታመሙ ሕዋሳትም በመቅኔው ውስጥ አሉ። የተለመደው የደም ቆጠራ አያያቸውም። የሚያያቸው ከተጋጠመው ጂን የሚቀዳውን አር ኤን ኤ የሚለካው ፒ ሲ አር የተባለው ምርመራ ነው፤ እርሱ ከ100,000 ሕዋሳት መካከል አንዷን የታመመች ሕዋስ ለይቶ ሊያገኝ ይችላል። ልኬቱ ከ3 ወር በኋላ ከ10 በመቶ፣ ከ6 ወር በኋላ ከ1 በመቶ፣ ከ12 ወር በኋላ ከ0.1 በመቶ ካልበለጠ ሕክምናው በመልካም ጎዳና ላይ ነው። መውረዱን ትቶ ከወጣ ግን ወይ ኪኒኑ እየተዘለለ ነው፣ ወይ ፕሮቲኑ ቅርጹን ለውጦ መድኃኒቱን ተቋቁሟል። ለመጀመሪያው ምክር፣ ለሁለተኛው ሌላ መድኃኒት አለው። ያልተለካ ግን ሁለቱንም አያገኝም።

ኪኒን መዝለል ቀላል ጥፋት አይደለም። በለንደን ሐመርስሚዝ ሆስፒታል በ87 ሕመምተኞች ላይ የተደረገና በ2010 የታተመ ጥናት ይህን አሳይቷል። ከታዘዘላቸው መጠን ከ90 በመቶ በላይ ከወሰዱት ውስጥ 94.5 በመቶው በ6 ዓመት ጥልቅ ወደሆነው የ0.1 በመቶ ልኬት ሲደርሱ፣ ከዚያ በታች ከወሰዱት የደረሱት 28.4 በመቶው ብቻ ነበሩ። ልዩነቱን የፈጠረው በወር ሦስት ቀን ያህል መዝለል ነው።

አሁን ይህን ስሌት ወደ መካነ ሰላም እናምጣው። ከቦረና ወይም ከአማራ ሳይንት የሚነሣ ገበሬ በአቀስታ አድርጎ ደሴ ቢወጣ፣ ወይም የዓባይን በረሃ ወርዶ ወደ ጎጃም ቢሻገር፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ቀናትና የመኸር ጥሪት ይጠይቀዋል። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን በያዘ ጊዜ እንደታየው ደግሞ መንገዱ ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል። ኪኒኑ ያለቀበትና መንገድ የተዘጋበት ሰው ሦስት ቀን ሳይሆን ሦስት ወር ይዘልላል። ደሙን ብቻ እንላክለት ብንል አር ኤን ኤ ቶሎ የሚፈርስ ነገር ነው፤ ረጅም ጉዞ አይችልም።

መፍትሔው ግን ከምናስበው ይልቅ ቅርብ ነው። በአገራችን ብዙ ሆስፒታሎች የሳንባ ነቀርሳን ለመመርመር ጂን ኤክስፐርት የተባለ መሣሪያ ይጠቀማሉ። ለዚሁ መሣሪያ የተዘጋጀ ሌላ ካርትሪጅ የቢ ሲ አር–ኤ ቢ ኤልን መጠን በሰዓታት ውስጥ ይለካል። ቢያንስ በዞን ደረጃ ደሴ ላይ ይህ አገልግሎት ቢደራጅ፣ ኪኒኑም ለብዙ ወራት የሚበቃ ሆኖ እዚያው ቢታደል፣ የሕመምተኛው መንገድ በግማሽና ከግማሽ በላይ ያጥራል። መሣሪያው በሌለበት ደግሞ በሲያትል የፍሬድ ሃቺንሰን ማዕከል ተመራማሪዎች በወረቀት ላይ ከደረቀ የደም ጠብታ መለካት እንደሚቻል አሳይተዋል። ወረቀት በፖስታ ይጓዛል።

«እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት አገር በዓመት ከ100,000 ሰዎች አንድ ወይም ሁለት ለሚይዝ በሽታ ይህን ያህል?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ካርትሪጁም ርካሽ አይደለም። ነገር ግን የምንጠይቀው አዲስ ሆስፒታል ወይም አዲስ መሣሪያ አይደለም። ውዱ ነገር፣ ማለትም መድኃኒቱ፣ በእርዳታ እየገባ ነው። እርሱን ሰጥቶ በልኬት ማጣት ሕመምተኛውን ማጣት፣ ዘርቶ ሳያርሙ አጨዳ እንደ መጠበቅ ያለ ብክነት ነው።

ለተማሪው ያለኝ ቃል ደግሞ ይህ ነው። በመካነ ሰላም ግቢ ባዮሎጂ ወይም ኬሚስትሪ የምትማር ወጣት፣ ነገ ካርትሪጁን የምትጭነው እጅ የአንተ ወይም የእኅትህ ልትሆን ትችላለች። ዛሬ ግን ከዚያ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። ግራ ጎኑ አብጦ የከሳ ጎረቤት ካለህ፣ ወባ ወይም ካላአዛር ብቻ ነው ብለህ አትተወው፤ ሙሉ የደም ቆጠራ እንዲያደርግ ንገረው። ኪኒን የጀመረ ዘመድ ካለህ «ድኛለሁ» ሲልህ አትመነው። ጾመኛም ቢሆን ኪኒኑ በቀን አንድ ጊዜ ከምግብና ከብዙ ውኃ ጋር የሚወሰድ ስለሆነ፣ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ከጾም መፍቻው ጋር ሊያስማማው ይችላል፤ ቄሱም ሼሁም ይህን ቢያስተምሩ ብዙ ሰው ያድናሉ።

በሽታው መደበቅ ያውቅበታል። እኛም መፈለግን እንልመድ።